መጽሐፉን ዝጋና ንገረኝ

ዳንግላ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በጋራ የተከራዩት አንድ ክፍል አለ እንበል። እንዲህ ያለ ክፍል በእንጅባራም፣ በቻግኒም፣ በየወረዳው ከተማ ሞልቷል። ልጆቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከተማ ይማራሉ፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጥግ ላይ የስንቅ ከረጢት ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የጥናት ፕሮግራም ተለጥፏል። መካከል ላይ ሦስቱም የሚጋሩት አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አለ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል።

አንደኛው ቢጫ ሀይላይተር ይዟል። አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፣ ያቀልማል፤ ቀጣዩን ያነባል፣ ያንንም ያቀልማል። ገጹ ሲያልቅ ነጭ የቀረ መስመር ብርቅ ነው። ምዕራፉን ጨርሶ እፎይ ይልና «ሦስት ጊዜ ደገምሁት» ይላል። ጓደኛው መጽሐፉን ከእጁ ወስዶ ይዘጋና፣ «እሺ፣ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ጣራ ጣራውን ያያል። «ቆይ... አውቀዋለሁ እኮ። በግራ በኩል ያለው ገጽ ነው፤ ከካርታው ሥር።» የት እንደተጻፈ ያውቃል። የተጻፈው ግን አይመጣለትም።

ይህን ልጅ ሰነፍ የሚለው ሰው ይበድለዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጫው አልተነሣም። የደረሰበት ነገር ብዙዎቻችን ላይ የደረሰ ነው፤ ዓይኑ ገጹን ለመደ፣ ራሱ ደግሞ ልማዱን እንደ እውቀት ቆጠረለት። መንገድ ላይ የምናየውን ሰው «የት ነው የማውቀው?» እንደምንለው ነው። መልኩን እናውቃለን፣ ስሙ ግን ከምላሳችን ጫፍ ላይ ይቀራል። ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው። መጽሐፉ ፊት ለፊት ተገልጦ እያለ ሁሉም ነገር የሚታወቅ ይመስላል፤ ምክንያቱም መልሱ እዚያው ነው፣ ማንም ከጭንቅላቱ እንዲያወጣው አላስገደደውም።

ነገሩ በሙከራ ተፈትኗል። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። አንደኛውን ጽሑፍ አንብበው እንደገና አነበቡት። ሌላኛውን ደግሞ አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ጽሑፉ ተነሥቶባቸው የሚያስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ጽሑፍ አሸነፈ፤ የእሱን 81 በመቶ ሲያስታውሱ የሌላኛው 75 በመቶ ላይ ቀረ። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «በሉ ደጋግማችሁ አንብቡ» ብሎ ይመክራል። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ መጽሐፍ ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። በሌላ ሙከራ በአራት ክፍለ ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎችን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንብበው በሦስቱ በቃላቸው ከጻፉት ጋር አወዳደሩ፤ ከሳምንት በኋላ ልዩነቱ 40 ለ61 ሆነ። እኔን ከቁጥሩ በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ ይበልጥ የተማመኑት በአራቱም ክፍለ ጊዜ ያነበቡት ነበሩ።

የዳንግላው ልጅም እንደዚያው ነው። እፎይታው የመጣው ካነበበው ብዛት እንጂ ካወቀው አይደለም።

አሜሪካ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም ነበር። ዳንግላ ካለችበት ከአዊ ዞን ሳይርቅ፣ እዚያው ጎጃም ውስጥ፣ ይህንኑ ዘዴ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ትምህርት ቤት አለ፤ የቅኔ ቤት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። የዚያን ቤት ውሎ ላስተዋለው ሰው የሚደንቀው ነገር ተማሪው መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ የሚያሳልፈው ጊዜ ማነሱ ነው። ማታ መምህሩ ግስና አገባብ ያስተምራሉ፣ ቅኔ ያሰማሉ፣ ምሥጢሩን ይፈታሉ። ብዙው በቃል ነው። ጠዋት ተማሪው ብቻውን ወደ ጫካው ጥላ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ይሄድና ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም በሰማው ስልት የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ከዚያ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ይነግራል። ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። ትናንት የሰማውን ደግሞ ከመጥራት አልፎ አዲስ ነገር እንዲሠራበት ይገደዳል።

ደረጃውም የታሰበበት ነው። ጀማሪ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እሷን ሳያስተካክል ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በዛሬ መጽሐፎቻችን ቋንቋ ይህ በየደረጃው የተከፋፈለ ልምምድ ነው፤ ማስታወስም፣ መሥራትም፣ መታረምም በየቀኑ አለበት።

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ጎጃም ውስጥ በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩ ሴት መምህር ነበሩ፤ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ ቅኔውን ከአባታቸው ከመምህሩ የተማሩ። ቀለም የሚቀቡት ገጽ አልነበራቸውም። የሰሙት ሁሉ ከራሳቸው ካልወጣ ከየትም አይወጣም። ከዚያ ጭንቅላት የወጣውን ቅኔ ወንዶቹ ሊቃውንት መጥተው ተማሩት። ዓይን ገጽን መልመዱና ሰው ነገሩን ማወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ እኔ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የቤተ ክርስቲያኑን የአብነት ትምህርት ሁሉ ማሞገሴ አይደለም። በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊትን በቃሉ የሚያወርድ ልጅ ብዙ ነው። ዱላውም፣ ቁራሽ ልመናውም፣ ከውሻ ጋር መታገሉም ለናፍቆት የሚሆን አይደለም። ሴት ልጅ በዚያ በር ስትገባ ማየት ደግሞ ብርቅ ነበር፤ እማሆይ ገላነሽ ስማቸው የሚጠራው አንድም ለዚያ ነው። ሽምደዳ በዘመናዊው ትምህርት ቤትም በአብነቱም አለ። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሸምዳጁ በተሰጠው ቅደም ተከተል ብቻ ይወጣዋል፣ ከመካከል ጀምር ቢሉት ይጠፋበታል። የቅኔው ተማሪ ግን ቃሉን ከቦታው አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ሰሙን ከወርቁ ይለያል።

ከቅኔ ቤት ቀጥሎ መጻሕፍት ቤት አለ። እዚያ ያለው የአንድምታ ትርጓሜ ስለ ንባብ ሊያስተምረን የሚችለው ነገር እጅግ ብዙ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድምታ የግእዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታል። ፈትቶ ግን አይሄድም። አንድ ትርጉም ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። መሐል መሐል ላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ያነሣል፤ «ለምን እንዲህ አለ ቢሉ»፣ «ምነው ቢሉ»። ከዚያ ይመልሳል። ጠያቂው ማነው? ማንም የለም። አንባቢው ራሱ ሁለት ሰው ይሆናል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል። ንቁ ንባብ ማለት ይኸው ነው። በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፍራንሲስ ሮቢንሰን ለተማሪዎች ያወጣው ዝነኛ የአነባበብ ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ ምዕራፉን ቃኘው፤ ርእሱን ወደ ጥያቄ ለውጠው፤ መልሱን እየፈለግህ አንብብ፤ መጽሐፉን ዘግተህ በቃልህ በለው፤ በመጨረሻ ተመልሰህ ከልስ። አምስት ደረጃ ነው። ከአምስቱ ደረጃዎች ተማሪዎቻችን የሚያዘወትሩት ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ወደ ክፍላችን እንመለስና ልጁ በቢጫ ያቀለመውን ገጽ በዚህ መንገድ እንክፈተው። መጽሐፉ «ክሬተር ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም የሚፈጠር ሐይቅ ነው» ይላል እንበል። ሀይላይተሩ እዚህ ላይ ያልፋል፤ ትርጓሜው ተገኘ፣ ደብተር ላይም ሰፈረ። «ምነው ቢሉ» ያለ ተማሪ ግን ይቆማል። ይህን ሐይቅ የት አውቀዋለሁ? የእንጅባራ ልጅ ከሆነ መልሱ ሩቅ አይደለም። ዘንገና ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገድ ዳር ነው፤ ለሽርሽር ሄዷል ወይም በአውቶቡስ መስኮት አይቶታል። ዙሪያውን ክብ ሆኖ፣ ዳሩ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የቆመው ለምንድን ነው? ፍንዳታው የቆፈረው ስለሆነ። እንግዲህ ጣና ለምን እንደዚያ ክብና ገደላማ አልሆነም? ጣና የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት የወንዞችን መውጫ ዘግቶ የገደበው ሰፊ ሜዳ ነው ይባላል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ ግን ትልቁ 14 ሜትር ገደማ። ዘንገና ከጣና ጋር ሲነጻጸር ኩሬ ቢሆንም ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር ያልፋል። ትንሹ ከትልቁ የጠለቀው ለምንድን ነው? አወላለዳቸው ስለተለያየ።

ልጁ አሁን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን አንድ ሰንሰለት ይዟል። ፈተናው ትርጓሜውን ቢጠይቀው ይመልሳል፣ ምሳሌ ቢጠይቀው ይመልሳል፣ «ከሚከተሉት መካከል ልዩነቱን የሚገልጸው የቱ ነው?» ቢለውም አይደናገጥም። ጊዜውም ቢሆን ብዙ አልባከነበትም፤ ሦስት ጊዜ ከመድገም ያንሳል።

ባዮሎጂውም እንደዚሁ ነው። ጥራጥሬ መሰል ዕፀዋት በሥሮቻቸው ላይ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ወደ አፈር እንደሚያስገቡ መጽሐፉ ሲናገር፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ልጅ አባቱ ማሳ ላይ የቆመውን ዲከረንስ ማሰብ አለበት። ዲከረንስ የግራር ወገን ነው፣ ለከሰል ብለው ይተክሉታል፤ መሬቱ ለምን እንዳገገመ ግን አባትየው ከልጁ መጽሐፍ ቀድሞ በዓይኑ አይቷል። ሁለቱን እውቀቶች የሚያገናኘው ድልድይ ልጁ ነው። ካላገናኛቸው አንደኛው ለፈተና፣ ሁለተኛው ለእርሻ ተለያይተው ይኖራሉ።

ማስታወሻ አያያዝን በሚመለከት አንድ ቀላል ነገር አለ። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ዋልተር ፓውክ ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ማስመሪያና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። የደብተሩን ገጽ ከግራ አንድ ሦስተኛ ላይ ወደ ታች አስምሩት። በቀኝ በኩል መምህሩ ያስተማሩትን ጻፉ፣ እንደ ልማዱ። ማታ በግራ በኩል ያ ማስታወሻ መልስ የሚሆንለትን ጥያቄ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ቀኙን በእጃችሁ ወይም በወረቀት ሸፍናችሁ ግራውን እያያችሁ መልሱ። ደብተሩ የራሳችሁ አስነጋሪ ይሆናል። ከሰሌዳ ቃል በቃል ኖት መገልበጥን ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትምህርት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። እጅ ይሠራል፣ ጆሮ ይዘጋል፣ ልብ ሌላ ቦታ ነው።

ሂሳብና ፊዚክስ ላይ ወጥመዱ ይለያል። የተሠራ ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው፤ መስመር በመስመር «አዎ፣ አዎ» እያሉ ይወርዳሉ። ወረቀት አምጥታችሁ መፍትሔውን ሸፍኑና የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ጻፉ። አልመጣ ካለ አንድ መስመር ገልጣችሁ እንደገና ሸፍኑ። ከዚያ ደግሞ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ ከመሥራት የተለያዩትን ደባልቁ፤ ፈተና ላይ «ይህ የየትኛው ምዕራፍ ነው?» የሚል ምልክት የለምና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በአዊ ብዙ ልጅ ቤቱ የሚሰማው አውኚ ነው። የመጀመሪያ ክፍሎችን የሚማረው በአውኚ፣ በግእዝ ፊደል ነው። ከተማውና መሥሪያ ቤቱ አማርኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መጽሐፉ ከሞላ ጎደል ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሦስት ቋንቋ መካከል ይኖራል ማለት ነው፤ ይህን ሸክም የማያይ ሰው ስለ አጠናን ሲመክር ግማሹን ረስቷል። አውኚና አማርኛ ወገናቸው የተለያየ ነው፤ አንደኛው ኩሻዊ፣ ሁለተኛው ሴማዊ። ያም ሆኖ ሁለቱም ግሥን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያሳርፋሉ። እንግሊዝኛ መካከል ላይ ይሰነቅረዋል። ስለዚህ ረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥም ቃል በቃል መዝገበ ቃላት መፈለግ ያደክማል፤ አስቀድሞ ግሡን ፈልጎ «ማን? ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የቀረው ቅጽል ነው፣ በኋላ ይደርሳል። የቅኔ ቤት ተማሪ ግእዙን ሲፈታ ማሠሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዋናውን ግሥ፣ አስቀድሞ የሚፈልገው ለዚሁ ነው።

ሦስት ቋንቋ ማወቅ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ትልቅ መሣሪያም ነው። በእንግሊዝኛ ያነበቡትን በእንግሊዝኛ መድገም ሳይገባ ይቻላል፤ የመጽሐፉ ቃላት በአፍ ላይ ስለሚቆዩ። ያንኑ በአውኚ ለእናት መንገር ግን ሳይገባ አይቻልም። ቃሉ ከመጽሐፉ አይገኝም፤ ነገሩን ራሱን መያዝ ያስፈልጋል። «ባክቴሪያ»ን በአውኚ የሚለው ቃል ካጣ እንኳ «በዓይን የማትታይ ሕይወት ያላት ነገር» ብሎ ይዞራል፤ ያ ዙረት መረዳት ነው። እኔ መምህር ብሆን ቤት ሥራ የምሰጠው ይህን ነበር፤ ዛሬ የተማርከውን በቤታችሁ ቋንቋ ለአንድ ሰው ንገርና ያ ሰው የጠየቀህን ጥያቄ ይዘህ ና።

ጊዜው እንዴት ይከፋፈል? በእንጅባራ ከተማ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ፈረሶች በዓድዋ የዋሉትን ውለታ ያስባል። ያን ቀን ሜዳው ላይ የሚጋልበው ፈረስ በጥር 22 ማታ ገብስ ቀርቦለት የጠነከረ አይደለም። ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ አብልቶታል፣ አስረግጦታል፣ አሳርፎታል። ዳገት ላይ የሰጡት ገብስ ፈረስን አይረዳም። ተማሪ ግን ፈተና ሲደርስ ቡና እየጠጣ አዳር ያጠናል፤ በጠዋቱ ዓይኑ ቀልቶ ፈተና ይገባል። ለዚያች ቀን ጥቂት ይይዝለት ይሆናል። በሳምንቱ ይበናል።

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ራሱን በራሱ ፈተነ፤ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ጥምሮች እያጠና ስንቱ እንደቀረለት መዘገበ። መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን ነው፣ ቀስ በቀስ ይዘገያል። ድግግሞሹን በተለያዩ ቀናት ቢበትነው ደግሞ በአንድ ቀን ከመደራረብ የተሻለ ይይዘዋል። ትርጉም ያለው ትምህርት ከነዚያ ጥምሮች ይልቅ ይከርማል፤ ጠባዩ ግን ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ ሰኞ የተማሩትን ማክሰኞ ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ዓርብ አሥር ደቂቃ፣ በሳምንቱ እንደገና፣ በወሩ እንደገና፤ ሁልጊዜም መጽሐፉን ከመግለጥ በፊት በባዶ ወረቀት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም «ሰኞ ኬሚስትሪ ከ1–4 ሰዓት» ከሚል፣ ሰዓቷን ለሦስት ትምህርት ቢከፍላት ይሻላል። እንቅልፍም የጥናቱ አካል ነው። የተማርነው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ነው፤ ያነበበውን ሁሉ ይዞ ለመቅረት ብሎ የማይተኛ ልጅ የሰበሰበውን እህል ጎተራ ሳያስገባ የሚያድር ገበሬ ነው።

ስልክን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ቴሌግራም ላይ አርባ ሶፍት ኮፒ ማውረድ ጥናት አይደለም። ማውረዱ ራሱ የሠራን ያህል እንዲሰማን ማድረጉ ነው ክፋቱ፤ ከሀይላይተሩ ጋር ወንድማማቾች ናቸው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ሌላ ክፍል ከሌለ ስንቅ ከረጢቱ ውስጥ።

ይህን ሁሉ ስል የአጠናን ዘዴ ሁሉን ነገር ይፈታል ማለቴ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ይህን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ ሰነፈ የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም፤ ዝም እለዋለሁ። መጽሐፍ ያልደረሰው ትምህርት ቤት አለ፣ በማያውቁት ቋንቋ የሚማሩ ልጆች አሉ፣ ኩረጃ ለዓመታት የሸፈነው ጉድ አለ። አዊ ባለበት በአማራ ክልል ደግሞ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ያለ መምህር ቤታቸው የቀሩበት ጊዜ አልፏል፤ ለብዙዎቹም ገና አላለፈም። ለእነዚህ ልጆች ብቻን ማጥናት መቻል ትርፍ ነገር አይደለም። መምህር በሌለበት ራስን የሚጠይቅ ሌላ ማንም የለም።

አንድ መጽሐፍ ለሦስት መሆኑም ቢሆን ሁሉ ነገሩ ኪሳራ አይደለም። ሦስቱ ልጆች እስከዛሬ መጽሐፉን በተራ ሰዓት ይቀባበሉታል፤ አንዱ ሲያነብ ሁለቱ ይጠብቃሉ ወይም ይተኛሉ። ይልቅ አንዱ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ይዝጋው። ሁለተኛው የሰማውን ይንገር። ሦስተኛው «ምነው ቢሉ» እያለ ይጠይቅ፣ ስሕተቱን ይልቀም፤ መጨረሻ ላይ ገልጠው ያመሳክሩ። በሚቀጥለው ገጽ ተራቸውን ይቀያየሩ። የቡድን ጥናት ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ አንዱ ጎበዝ ሲያስረዳ ሌሎቹ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት ነው፤ ከዚያ የሚጠቀመው ያ ጎበዝ ብቻ ነው። ያስረዳው እሱ ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ የሀይላይተሩ ባለቤት፣ ባዶ ከረጢቱን አንግቶ ወደ ገጠር ይወጣል። መንገዱ የሁለት ሰዓት ያህል የእግር ጉዞ ነው፤ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፣ ገብሱ ማሳ ላይ ጤዛ ይዟል። መጽሐፉ የለውም፤ የጓደኞቹ ተራ ነው። ስለዚህ በቃሉ ይጀምራል። ክሬተር ሐይቅ... ዘንገና... ጣና። አራተኛውን ነጥብ ያጣዋል። ይፈልገዋል፣ አይመጣም። ኪሱ ውስጥ ወረቀት ስለሌለ በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ሰኞ ገልጦ እንዲያየው።

ቤት ሲደርስ እናቱ ድንች እየቀቀሉ ነው። ምን ተማራችሁ ይሉታል፣ በአውኚ። ድሮ «ብዙ ነገር» ብሎ ያልፍ ነበር። ዛሬ ስለ ዘንገና ይነግራቸዋል፤ እሳት ከመሬት ውስጥ እንደፈነዳ፣ ጉድጓዱ እንደቀረ፣ ውሃው እንደሞላው፣ ጣና ሰፊ ቢሆንም እሱ እንደሚጠልቅ። ሁለት ቦታ ላይ ቃል ያጣና ይዞራል። እናቱ ድንቹን በሹካ ወጋ እያደረጉ ይሰሙታል፤ ከዚያ ቀና ብለው ይጠይቁታል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ዝናብ ክረምቱን ሲወርድበት እንዴት ሞልቶ አይፈስም?»

ልጁ አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። መጽሐፉ ይህን አላለም፤ እሱም አልጠየቀም። እስክሪብቶውን ያወጣና ጥያቄውን መዳፉ ላይ ከመጀመሪያው ቃል ሥር ይጽፈዋል።